ኢንዲያና ስቴት ማርች ማድነስ መግባት አለበት! 28 አሸንፎ 6 የተሸነፈ ቡድን በምን ሒሳብ ይቀራል?

የዋባሽ_ዳር
ማርች 10፣ 2024

ዛሬ ሴንት ሉዊስ ላይ በድሬክ 84 ለ 80 ተሸነፍን። ተናድጃለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ለማልቀስ አይደለም፣ ለመከራከር ነው።

ከዛሬ ጀምሮ እስከ መጪው እሁድ ተንታኞቹ ስለ ቨርጂኒያ፣ ስለ ኦክላሆማ፣ ስለ ሴንት ጆንስ ሲያወሩ ይከርማሉ። እኛ ጋ ሲደርሱ «ደስ የሚል ቡድን ነበር፣ ያሳዝናል» ብለው ያልፋሉ። ምኑ ነው «ነበር»? ቡድኑ እኮ አለ። መግባትም ይገባዋል፣ ያውም በችሮታ ሳይሆን በሥራው።

የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ለማትከታተሉ ባጭሩ ላስረዳ። ውድድሩ፣ ማርች ማድነስ ማለት ነው፣ ዘንድሮ 68 ቡድን ይይዛል። 32ቱ የየኮንፈረንሳቸውን ዋንጫ ያነሱ ናቸው፣ በቀጥታ ይገባሉ። የቀሩትን 36 ቦታዎች 12 አባላት ያሉት ኮሚቴ በር ዘግቶ ይመርጣል። እኛ የራሳችንን ኮንፈረንስ፣ ሚዙሪ ቫሊን፣ በመደበኛው ውድድር አንደኛ ሆነን ነው የጨረስነው፣ ከ20 ጨዋታ 17ቱን አሸንፈን። ቀጥታ ትኬቱ ግን ክረምቱን ሙሉ ለመራው አይሰጥም። በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ጥሎ ማለፉን ላሸነፈው ነው። ለድሬክ ቀናው። እንኳን ደስ ያላቸው፣ እነሱም ጥሩ ቡድን ናቸው። የእኛ ዕጣ አሁን ኮሚቴው እጅ ላይ ነው።

እስቲ ሽንፈቶቻችንን እንያቸው። አላባማ በሜዳው 102 ለ 80። ሚሺጋን ስቴት በሜዳው 87 ለ 75። ድሬክ ሁለት ጊዜ። ፌብሩዋሪ ላይ ኢሊኖይ ስቴትና ሳውዘርን ኢሊኖይ። የኢሊኖይ ስቴቱ አስቀያሚ ነበር፣ አልክድም። በቃ፣ ኃጢአታችን ይኸው ነው። ኔት የሚባለው መለኪያ፣ ኮሚቴው ራሱ የሚያየው ማለቴ ነው፣ ከ362 ቡድኖች መሃል ከ30ዎቹ ውስጥ አስቀምጦናል።

አጨዋወቱን ያላያችሁ ደግሞ ሞክሩት። ሮቢ አቪላ የሚባል መነጽር ያጠለቀ ወጣት አለ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ቦታው መሃል ነው፣ ግን ኳስ የሚያከፋፍለው እንደ ፖይንት ጋርድ ነው። ሲሮጥ ብታዩት ከቤተ መጻሕፍት ተጎትቶ የመጣ ይመስላል። ደጋፊው በታዋቂው ካሪም አብዱል-ጃባር ስም ቀልዶ «ክሪም አብዱል-ጃባር» ብሎታል። ከሱ ጋር ራያን ኮንዌል፣ አይዛያ ስዎፕ፣ ጄሰን ኬንትና ጁሊያን ላሪ አሉ። አምስቱም ቋሚዎች በአማካይ ከ10 ነጥብ በላይ ያስቆጥራሉ። አንዱን ስትይዝ ሌላው ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ ቆሞ ይጠብቅሃል።

አሰልጣኙ ጆሽ ሸርትስ ከዲቪዚዮን ሁለት ነው የመጣው፣ ቴነሲ ውስጥ ካለችው ሊንከን ሜሞሪያል። በ2021 ሲረከበን በመጀመሪያው ዓመት 11 አሸንፎ 20 ተሸነፈ። አሁን ያለበትን ተመልከቱ።

በሉ፣ ተከራከሩኝ።

---

ሻላ_አሌክሳንድሪያ
ማርች 10፣ 2024

ወንድሜ፣ አጻጻፍህ ደስ ይላል። ግን ዋናውን ጥያቄ ዘለልከው። ማንን አሸነፋችሁ?

ኮሚቴው ጨዋታዎችን በአራት ምድብ ይከፍላል። ከባዱ ኳድ 1 ነው። በሜዳህ ከሆነ ከ1 እስከ 30 ያሉትን፣ በገለልተኛ ሜዳ ከሆነ እስከ 50፣ ከሜዳህ ውጪ ከሆነ እስከ 75 ያሉትን ስትገጥም ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ያላችሁ ድል አንድ ነው፣ ብራድሊን በሜዳው። በአራቱ ተሸንፋችኋል። በዚያ ላይ ኢሊኖይ ስቴት በሜዳችሁ ገብቶ መታችሁ፣ እሱ የኳድ 4፣ የቀላሉ ምድብ፣ ሽንፈት ነው። የኳድ 4 ሽንፈት ምን ማለት እንደሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

አላባማ በ22 ነጥብ ልዩነት አሸንፏችሁ መሄዱን «ሽንፈቱ ያስከብረናል» ብለህ ስታቀርብ ደግሞ ትንሽ ሳቄ መጣ።

---

የዋባሽ_ዳር
ማርች 10፣ 2024

ሻላ፣ ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ማን ሊገጥመን ይመጣል?

አንድ የኤሲሲ ወይም የቢግ 12፣ የትልልቆቹ ኮንፈረንሶች፣ ቡድን በኮንፈረንሱ ውስጥ ብቻ ወደ 20 ጨዋታ ይጫወታል። ግማሹ ኳድ 1 ነው። አስር ጊዜ ሞክሮ ሦስቴ ቢያሸንፍ «ሦስት ኳድ 1 ድል» ተብሎ ይጻፍለታል። ሰባቱን ሽንፈት «መርሐ ግብሩ ከባድ ነው» ብለው ይሸፋፍኑለታል። እኛ ዓመቱን ሙሉ ያገኘነው አምስት ዕድል ነው። ከአምስቱ ሁለቱን ያገኘነው ራሳችን አላባማና ሚሺጋን ስቴት ቤት፣ ቱስካሉሳና ኢስት ላንሲንግ ድረስ ስለሄድን ነው። አላባማ እኛ ከተማ ቴሪ ሆት መጥቶ ሜዳችን ሃልማን ሴንተር ውስጥ ይጫወታል ብለህ ታስባለህ? የትልልቆቹ አሰልጣኞች ጠንካራ ትንሽ ቡድን ሲያዩ ስልክ አያነሱም። ቢያሸንፉ ክብር የለውም፣ ቢሸነፉ ሥራቸው አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ደካማ ቡድን ከፍለው ያስመጣሉ፣ በ40 ነጥብ ይረቱታል፣ ኔታቸው ያድጋል።

በሩን ዘግተህ «ለምን አልገባህም?» ማለት ነው ይሄ።

---

እታለም_ኢንዲ
ማርች 11፣ 2024

እኔ ኳስ ላይ ብዙ አይደለሁም። ኢንዲያናፖሊስ ስለምኖር ግን ማርች ሲመጣ ማምለጫ የለም። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ብራኬት (የአሸናፊዎች መገመቻ ቅጽ) ይሞላል፣ ያልሞላ ሰው እንደታመመ ነው የሚታየው። ዘንድሮ ጽዳት የሚሠሩት አባባ ሳይቀሩ የሚያወሩት ስለዚያ ባለመነጽር ልጅ ነው። እዚህ ስቴት ውስጥ ፐርዱ አንደኛ ነው፣ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ደጋፊው ብዙ ነው። ኢንዲያና ስቴትን ግን እስከ ዘንድሮ ድረስ ከኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚያምታቱት ነበሩ። አንዷ እኔ ነኝ።

የዋባሽ ዳር፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ድሬክ ከገባ ኮሚቴው ከሚዙሪ ቫሊ ሁለት ቡድን ይወስዳል?

---

የዋባሽ_ዳር
ማርች 11፣ 2024

እታለም፣ ዋናው ጭንቀት እሱ ነው። ዊቺታ ስቴት በ2017 ኮንፈረንሱን ለቅቆ ከሄደ ወዲህ በኮሚቴ ምርጫ የገባልን ቡድን በ2021 ድሬክ ብቻ ነው። እሱንም ያን ዓመት ኢንዲያና ውስጥ ዌስት ላፋዬት በተደረገው ቅድመ ዙር አስጀመሩት። ድሬክም ዊቺታ ስቴትን 53 ለ 52 አሸንፎ አለፈ።

ሰዎቹ የሚረሱት ነገር አለ። ከዚህ ኮንፈረንስ ዊቺታ ስቴት በ2013 ዘጠነኛ ሲድ (በኮሚቴው የተሰጠው ደረጃ) ሆኖ ፋይናል ፎር፣ የመጨረሻዎቹ አራት ውስጥ፣ ገብቷል። ሎዮላ ቺካጎም በ2018 አስራ አንደኛ ሲድ ሆኖ ገብቷል። በር ሲከፈትልን ምን እንደምናደርግ ይታወቃል።

---

ጋሽ_ታዴ
ማርች 11፣ 2024

ልጆች፣ ስለ ኢንዲያና ስቴት ተወርቶ ላሪ በርድ ሳይነሳ ይቀራል?

በ1979 ይህ ትምህርት ቤት 33 ጨዋታ አሸንፎ ምንም ሳይሸነፍ ፍጻሜ ደረሰ። ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ማጂክ ጆንሰን የነበረበት ሚሺጋን ስቴት 75 ለ 64 ረታው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ኤንቢኤ ገቡ፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ። እኔ ቦስተን ስኖር በርድን ሴልቲክስ ውስጥ ነው ያየሁት። የአገሬው ሰው የሚያወራው ግን ከዚያ በፊት ስላለው ነው። በርድ መጀመሪያ የገባው ትልቁ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ነበር። አንድ ወር ሳይሞላው ጥሎ ወደ መንደሩ ፍሬንች ሊክ ተመለሰ፣ ማዘጋጃ ቤት ተቀጥሮ ቆሻሻ ሲሰበስብ ቆየ። ቴሪ ሆት የሄደው በኋላ ነው።

ባለፈው ወር በአሶሺየትድ ፕሬስ ደረጃ 23ኛ ሲወጡ ጊዜ ከበርድ ዘመን ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው ሲባል ሰምቼ ደስ አለኝ። አርባ አምስት ዓመት ቀላል አይደለም።

---

የዋባሽ_ዳር
ማርች 11፣ 2024

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያንን ደረጃ ባገኘን በማግስቱ ነው ኢሊኖይ ስቴት የመታን፣ ባያስታውሱኝ ደግ ነበር። ማርች ማድነስ ለመጨረሻ ጊዜ የገባነው በ2011 ነው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ያኔ አንደኛ ክፍል እንኳ አልገባም ነበር።

---

ቁጥር_ወዳድ_ሚኒ
ማርች 12፣ 2024

ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዛችኋል፣ እኔ ቁጥሩን ላምጣ።

ኔት ከ2018–19 ጀምሮ የድሮውን መለኪያ፣ አር ፒ አይን፣ ተክቶ ነው የሚሠራው። እስካሁን በኔት ከሁሉም ከፍ ብሎ እያለ የቀረው ቡድን በ2019 ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ነው፣ 33ኛ ሆኖ። እሱ የቀረበት ምክንያት ይገባል። ከኮንፈረንሱ ውጪ የተጫወታቸው ቡድኖች በአገሪቱ ከሁሉም የደከሙት ነበሩ፣ 353ኛ። ኢንዲያና ስቴት ከዚያ በላይ ሆኖ ከቀረ የዚያ ዓይነት ሰበብ የለም። አላባማና ሚሺጋን ስቴት ቤት ድረስ የሄደን ቡድን «ፈራችሁ» ማለት አይቻልም።

በሌላ በኩል ሻላ የሚለውን አትናቁ። ኮሚቴው ኔትን የሚጠቀመው ቡድኖችን ለመደርደር ሳይሆን የጨዋታዎቹን ክብደት ለመመደብ ነው። ራሳቸው በየዓመቱ ይህንን ይናገራሉ። በአር ፒ አይ ዘመን፣ በ2006፣ ሚዙሪ ስቴት 21ኛ ሆኖ ቀርቷል። የየትኛው ኮንፈረንስ ነው? የናንተው፣ ሚዙሪ ቫሊ። ያን ዓመት ከቫሊ አራት ቡድን ገብቶ ብራድሊና ዊቺታ ስቴት እስከ 16ቱ ደርሰዋል። አምስተኛ መጨመር ግን ከበዳቸው።

ኳስ ወደ መረብ በማስገባት ብቃት ኢንዲያና ስቴት ከአገሪቱ ምርጦች መሃል ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። መከላከላቸው ነው የሚያሳስበኝ።

---

ሻላ_አሌክሳንድሪያ
ማርች 12፣ 2024

2006ን ካነሳችሁ እኔም ላንሳ። ያን ዓመት እዚሁ ፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰን በኮሚቴ ምርጫ ገባ። ቴሌቪዥን ላይ ጉድ ተባለ፣ «ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?» አሉ። ሚሺጋን ስቴትን፣ ኖርዝ ካሮላይናን፣ ዊቺታ ስቴትን፣ ከዚያ ዩኮንን በተጨማሪ ሰዓት 86 ለ 84 አሸንፎ ፋይናል ፎር ገባ። ከልጆቹ መሃል ቶኒ ስኪን ያደገው ታኮማ ፓርክ፣ ፎላሪን ካምቤል ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ የኛ ሰው የሞላበት ሰፈር። ስለዚህ ትናንሽ ቡድን ይጠላል አትበሉኝ።

ግን ጆርጅ ሜሰን በዚያው ፌብሩዋሪ ዊቺታ ስቴትን በሜዳው አሸንፎ ነው ኮሚቴው ፊት የቀረበው። እናንተ ከኮንፈረንሳችሁ ውጪ እንዲህ የምታሳዩት ድል የላችሁም። ልዩነቱ እሱ ነው።

---

የዋባሽ_ዳር
ማርች 12፣ 2024

ያው ጆርጅ ሜሰን በኮንፈረንሱ ግማሽ ፍጻሜ በሆፍስትራ ተሸንፎ ነው የገባው። ሆፍስትራ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሁለቴ አሸንፎት እያለ ቀረ። ኮሚቴው ያን ቀን «ይሄ ቡድን ጥሩ ነው» ብሎ በዓይኑ አይቶ ፈረደ፣ ፍርዱም ሠራለት። እኛንም በዓይናቸው ይዩን ነው የምለው። አቪላ ሲጫወት ተቀምጦ ጨርሶ ያየ ሰው ከ36ቱ አንዱ አይደለም ካለ እቀበላለሁ።

---

ኬቢ_ዳላስ
ማርች 13፣ 2024

አዲስ ነኝ፣ አትሳቁብኝ። ማንን ነው የምንደግፈው ታዲያ በዚህ ሳምንት? ኢንዲያና ስቴት ከእንግዲህ ጨዋታ የለውም አይደል?

---

የዋባሽ_ዳር
ማርች 13፣ 2024

ኬቢ፣ ጥሩ ጠየቅህ። የለንም። እጃችንን አጣጥፈን የሰው ጨዋታ ማየት ነው።

መግባታቸው የተረጋገጠ ቡድኖች የየኮንፈረንሳቸውን ዋንጫ ቢወስዱ ለኛ ይጠቅማል፣ የኮሚቴው 36 ቦታ አይነካም። መግባት የማይገባው ቡድን ድንገት ዋንጫ ካነሳ ግን አንድ ቦታ ይሰረቃል። ስለዚህ በአትላንቲክ 10 ዴይተንን ደግፍ። በአሜሪካን ኮንፈረንስ ፍሎሪዳ አትላንቲክን። በኤሲሲ ከኖርዝ ካሮላይናና ከዱክ አንዳቸው ይውሰዱ። በፓክ 12 አሪዞናን። ጠርዝ ላይ ያሉት ደግሞ በጊዜ ተሸንፈው ወደ ቤታቸው ይሂዱ፣ ያንተን ቨርጂኒያ ጨምሮ። ይቅርታ ሻላ።

---

እታለም_ኢንዲ
ማርች 14፣ 2024

ዴይተን በዱኬን ተሸነፈ። ይሄ መጥፎ ነው አይደል?

---

የዋባሽ_ዳር
ማርች 14፣ 2024

በጣም መጥፎ ነው። ዴይተን በራሱ ይገባል። አሁን ከዚያ ኮንፈረንስ ሌላ ዋንጫ ያነሳና ሁለት ይሆናሉ።

---

ሻላ_አሌክሳንድሪያ
ማርች 15፣ 2024

አይታችኋል? አይታችኋል ወይ?! ቨርጂኒያ ኖርዝ ካሮላይና ስቴትን በሦስት ነጥብ ይመራል፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ልጃችን ቅጣት ምት ሳተ። ኦኮኔል የሚባለው ከሩቅ ወረወራት፣ ሰሌዳውን መትታ ገባች። ተጨማሪ ሰዓት ሄደን 73 ለ 65 ተሸነፍን። አልተኛም ዛሬ።

---

ቁጥር_ወዳድ_ሚኒ
ማርች 15፣ 2024

ሻላ፣ አይዞህ። የዋባሽ ዳር፣ አንተም ገና አትጨፍር። ቨርጂኒያ መሸነፉ ያስደስትህ ይሆናል። ግን ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ነገ ዋንጫውን ከወሰደ ቦታህን የሚወስደው እሱ ነው። ወደ ኤሲሲው ውድድር የገቡት አራት ተከታታይ ጨዋታ ተሸንፈው ነው፣ በኮሚቴ የመግባት ተስፋ አልነበራቸውም።

---

የዋባሽ_ዳር
ማርች 16፣ 2024

ኖርዝ ካሮላይና ስቴት በአምስት ቀን አምስት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ኖርዝ ካሮላይናን 84 ለ 76። ኦሪገን ኮሎራዶን አሸንፎ ፓክ 12ን ወሰደ። ኒው ሜክሲኮም ሳንዲያጎ ስቴትን። ሰው እንዴት በአንድ ቅዳሜ ይህን ሁሉ ያያል?

ቴሌቪዥኑን ዘግቼ ወጣሁ። ተመልሼ ከፈትኩት።

---

ጋሽ_ታዴ
ማርች 17፣ 2024

ዱኬን ቪሲዩን 57 ለ 51 አሸነፈ። ዩኤቢ ደግሞ ቴምፕልን። አንድም የረዳህ የለም ልጄ።

---

የዋባሽ_ዳር
ማርች 17፣ 2024

ቀረን።

አምስት ቦታ ተሰርቋል። ከቀሩት መሃል የመጀመሪያዎቹ አራት ተብለው የተነበቡት ኦክላሆማ፣ ሲተን ሆል፣ እኛና ፒትስበርግ ነን። በኔት 28ኛ ሆነን። ከኔት ዘመን ጀምሮ ከዚህ ከፍ ብሎ የቀረ የለም።

ቨርጂኒያ ገባ። ከ50ዎቹ ውስጥ እንኳን የሌለው ቨርጂኒያ። በስም ከሆነ በስም ነው ይበሉና እንረፍ።

---

ሻላ_አሌክሳንድሪያ
ማርች 17፣ 2024

ሐዘንህ ይገባኛል፣ ግን በስም አይደለም። ቨርጂኒያ ክሌምሰንን በሜዳው፣ ፍሎሪዳን በገለልተኛ ሜዳ አሸንፏል። ሁለቱም ውድድሩ ውስጥ ናቸው። ባንተ ቡድን የተሸነፈ አንድ የገባ ቡድን ጥራልኝ፤ ድሬክን በሜዳችሁ፣ ሌላስ?

---

ቁጥር_ወዳድ_ሚኒ
ማርች 17፣ 2024

ሻላ፣ ድሬክም አንድ የገባ ቡድን ነው እኮ። አስረኛ ሲድ ተሰጥቶታል። በመደበኛው ውድድር ከኢንዲያና ስቴት በታች የጨረሰ ቡድን አስረኛ ሲድ ካገኘ፣ ከላይ የነበረው ጭራሽ መቅረቱ በአራት ነጥብ ልዩነት ባለቀ በአንድ ጨዋታ ነው። እንዲህ የሚያንገዳግድ ሚዛን አይመቸኝም።

ገንዘቡንም አትርሱ። አንድ ቡድን ገብቶ የሚጫወተው እያንዳንዱ ጨዋታ ለኮንፈረንሱ በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ያመጣል። ለኤሲሲ ይህ የሻይ ነው። ለሚዙሪ ቫሊ ትልቅ ነገር ነው።

---

ኬቢ_ዳላስ
ማርች 18፣ 2024

ልጆቹ ወጣት ናቸው አይደል? አቪላ ገና ሁለተኛ ዓመት ነው ተብሏል። በሚቀጥለው ዓመት ይገባሉ በቃ።

---

ሻላ_አሌክሳንድሪያ
ማርች 19፣ 2024

እሺ፣ ሳትጽፉት ልጻፍላችሁ። ዴይተን ከተማ በተደረገው ቅድመ ዙር ኮሎራዶ ስቴት 67፣ ቨርጂኒያ 42። በመጀመሪያው አጋማሽ 14 ነጥብ ነው ያስቆጠርነው። ስልኬ ከመልእክት ብዛት ሊፈነዳ ነው።

ግን ክርክሬ ያው ነው። ኮሚቴው የሚመርጠው እስከ እሁድ በተሠራው ነው፣ ማክሰኞ ማን እንደሚያፍር አይቶ አይደለም።

---

የዋባሽ_ዳር
ማርች 20፣ 2024

አልጽፍም ብዬ ነበር። ጻፍክልኝ፣ አመሰግናለሁ።

ወደ ኛ ልመለስ። ኦክላሆማ፣ ሴንት ጆንስና ፒትስበርግ የኤን አይ ቲን (ማርች ማድነስ ያመለጣቸው የሚጫወቱበትን ውድድር) ግብዣ አንቀበልም ብለዋል። እኛ ተቀብለናል። የመጀመሪያውን ጨዋታ ኤስኤምዩን 101 ለ 92 አሸነፍን። ሃልማን ሴንተር ጣሪያው ሊነሳ ደርሶ ነበር። «ማንን አሸነፋችሁ?» ስትለኝ ለነበረው፣ እንግዲህ ተራ በተራ እየመጡ ነው።

---

ቁጥር_ወዳድ_ሚኒ
ማርች 24፣ 2024

የኔው ሚኒሶታ ዛሬ ቴሪ ሆት ሄዶ 76 ለ 64 ተሸነፈ። ለሁለት ሳምንት ስሟገትላቸው ኖሬ ውለታዬን እንዲህ መለሱልኝ። የቢግ ቴን ቡድን ቴሪ ሆት ድረስ ለማስመጣት ግዴታ ኤን አይ ቲ መሆን ነበረበት፣ የዋባሽ ዳር ያለው ነገር አሁን በደንብ ገባኝ።

---

እታለም_ኢንዲ
ኤፕሪል 1፣ 2024

ሲንሲናቲንም 85 ለ 81! ግማሽ ፍጻሜውና ፍጻሜው እዚህ እኛ ከተማ ሂንክል ፊልድሃውስ ነው። ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ቲኬት እየገዛን ነው። የዋባሽ ዳር፣ ከመጣህ ድምፅህን አሰማ፣ ከጨዋታው በፊት ምሳ እኛ ቤት ነው።

ሻላ፣ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዱክን አሸንፎ ፋይናል ፎር ገባ አይደል? ያ ቦታ የሰረቀው?

---

ሻላ_አሌክሳንድሪያ
ኤፕሪል 1፣ 2024

አዎ እታለም፣ 76 ለ 64። አስራ አንደኛ ሲድ ሆኖ። ስለዚህ «ቦታችንን የወሰደው አይረባም» ማለት አይቻልም። በቦታው ተጠቅሞበታል።

---

የዋባሽ_ዳር
ኤፕሪል 1፣ 2024

እሱን ብዬ አላውቅም። ዋንጫ አንስቶ ነው የገባው፣ ሐላሉ ነው። የኔ ጥያቄ ከመጀመሪያውም በኮሚቴው እጅ ስላሉት ቦታዎች ነው። ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ራሱ ለኔ ምስክር ነው። ማርች 9 ቀን ማንም የማይቆጥረው ቡድን ዕድሉን ሲያገኝ የት እንደደረሰ እያየህ ነው።

እታለም፣ እመጣለሁ። ጾም ስለሆነ ሥጋ አትልፊ።

---

እታለም_ኢንዲ
ኤፕሪል 5፣ 2024

ዩታን 100 ለ 90 ሲያሸንፉ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ትናንት በፍጻሜው ሲተን ሆል 79 ለ 77 ወሰደው። ያው ሲተን ሆል፣ አብሯቸው የቀረው። ሁለት ነጥብ ብቻ! ሂንክል ውስጥ የነበረው ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰማያዊ ለብሷል። ጨዋታው አልቆ እንኳ ለረጅም ጊዜ ማንም አልወጣም። ኳስ ላይ ብዙ አይደለሁም ያልኩትን አንሱልኝ።

32 አሸንፈው 7 ተሸንፈው ጨረሱ።

---

ኬቢ_ዳላስ
ኤፕሪል 8፣ 2024

ሸርትስ ወደ ሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ሄደ የሚባለው እውነት ነው?

---

የዋባሽ_ዳር
ሜይ 2024

እውነት ነው ኬቢ። ዘግይቼ የመለስኩት የቀረውን ለማየት ነው።

አቪላና ስዎፕ አሰልጣኙን ተከትለው ሴንት ሉዊስ ሄዱ። ኮንዌል ዜቪየር ገባ። ኬንትና ላሪ ሁለቱም ቴክሳስ። አምስቱም ቋሚዎች ማለት ነው፣ አንድ አልቀረም። ልጆቹን አልወቅስም። ተጫዋች ትምህርት ቤት የሚቀይርበት ትራንስፈር ፖርታል ክፍት ነው፣ ገንዘቡም ሌላ ቦታ ነው፣ እኔም በነሱ ዕድሜ ብሆን እሄዳለሁ።

ማርች ላይ «በሚቀጥለው ዓመት» ስትለኝ ያልመለስኩልህ ለዚህ ነበር። ትንሽ ትምህርት ቤት እንዲህ ዓይነት ቡድን ሲሰበስብ ለአንድ ክረምት ነው። ኮሚቴው የወሰነው ስለዚያ አንድ ክረምት ነው፣ ሌላ አልነበረውም።

---

ሻላ_አሌክሳንድሪያ
ሜይ 2024

በዚህ በኩል አልከራከርህም። ቴክሳስ ሁለቱን መውሰዱ ግን ገርሞኛል፣ ማርች ላይ ሊገጥማችሁ የሚፈልግ አልነበረም ስትል አልነበር?

---

ጋሽ_ታዴ
ሜይ 2024

ታዲያ አሁን ማንን ነው የምንደግፈው? ሴንት ሉዊስን ነው?

---

የዋባሽ_ዳር
ሜይ 2024

ጋሼ፣ አቪላን አያለሁ፣ ሴንት ሉዊስ ቅርብ ነው፣ በመኪና ሦስት ሰዓት አይሞላም። የምደግፈው ግን እዚሁ ነው። አዲሱ አሰልጣኝ ማንን እንደሚያስፈርም የሰማችሁ ካላችሁ አዲስ ክር ክፈቱ፣ ይሄኛው ረዘመ።